ለእማማ ሸዋዬ የጸለይንበት እሁድ

ጎማ እስኪቀየር ድረስ ሰው ምን ይሠራል? ተቀምጦ ግድግዳ ያያል። ባለፈው ቅዳሜ ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስቼ ስፕሪንግፊልድ ልጄ ቤት ስሄድ፣ ወደ ቨርጂኒያ የሚያሻግረውን ድልድይ ተሻግሬ ብዙም ሳልርቅ የኋላ ጎማዬ ተነፈሰና እያነከስኩ አሌክሳንድሪያ ዱክ ስትሪት ላይ ካለ አንድ ጎማ ቤት ገባሁ። አነከስኩ የምለው መኪናዋን ነው፤ እኔማ ማነከስ ከጀመርኩ ቆየሁ። የአዲስ ጎማ ሽታ አፍንጫ የሚሰነፍጥበት ጠባብ ክፍል ነው፤ አምስት የላስቲክ ወንበሮችና ድምፁ የተዘጋ ቴሌቪዥን አሉት። ባንኮኒው ጋ ያለው ሰውዬ አርባ አምስት ደቂቃ ጠብቂ አለኝ። ቀና ብሎም አላየኝ። ስልኬን ቤት ረስቼው ስለወጣሁ እንደ ድሮ ሰው እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ።

ትንሽ ቆይቶ በሩ ተከፈተና አንዲት ሴት ከአንዲት ረጅም ልጃገረድ ጋር ገባች። ፀጉሯን አሳጥራ ተቆርጣዋለች፤ ሽበቱን ቀለም አልነካውም። ስሟን ለሰውየው በእንግሊዝኛ ፊደል በፊደል ስትነግረው እኔ ጀርባዋን እያየሁ ነበር። ፊቷን ሳላይ በድምፅዋ አወቅኋት። ምንትዋብ ናት። ኮሌጅ ልንጨርስ ስንል አንድ ክፍል ውስጥ አብሬያት የኖርኩት፣ በተመረቅን በሦስተኛው ሳምንት ሻንጣዋን ይዛ ዳላስ የሄደችውና ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ምናምን ዓመት ድምፅዋን ሰምቼው የማላውቅ ምንትዋብ።

«የሺ?» አለች ዞር ስትል።

«የሺ ነኝ፤ ከሞት የተረፈውን ያህል» አልኳት።

ተሳሳምን። ጉንጯ እንደ ድሮው ቀዝቃዛ ነው። ልጇን አስተዋወቀችኝ፤ ልጅቷም «ሃይ» ብላ ወደ ስልኳ ተመለሰች። የት ነው ያለሽው ብላት፣ «እዚሁ አሌክሳንድሪያ። ከዳላስ ከመጣን አሥራ አንድ ዓመት ሆነን» አለችኝ። አሥራ አንድ ዓመት! መንገዱ ካልተዘጋጋ ከእኔ ቤት ሠላሳ ደቂቃ ነው። እኛ የሜሪላንድ ሰዎች ቨርጂኒያ ለመሻገር ቪዛ ያስፈልጋል እያልን እንቀልዳለን፤ እነሱም በእኛ ላይ እንዲሁ ይላሉ። ቀልዱን ላነሳው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ያራራቀን ድልድዩ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። እኔ ለዚህች ሴት የምነግራት አንድ ነገር ነበረኝ። ሳህን ሳጥብ፣ ልብስ ሳጥፍ፣ ቀይ መብራት ስጠብቅ ስለማመደው የኖርኩት ነገር ነው። አጠገቤ ስትቀመጥ ግን ከአፌ የወጣው «የናንተ ሰፈር ትራፊክ እንዴት ነው?» የሚል ሆነ።

የዚያን ጊዜው ሲልቨር ስፕሪንግ የዛሬው አይደለም። ዛሬ መስታወት በመስታወት ሆኗል፤ ቅዳሜ ልጆች ፏፏቴው ውስጥ ይንቦጫረቃሉ። ያኔ ጆርጂያ አቬኑና ኮልስቪል ሮድ የሚገናኙበት ማዕዘን ላይ ቆመን አውቶቡስ ስንጠብቅ፣ ከጀርባችን የተዘጋ ሲኒማ ቤት፣ ከጎኑ ዊግ የሚሸጥበት ሱቅ፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ሰው ቀለበቱንና ጊታሩን አስይዞ ገንዘብ የሚበደርበት ቤት ነበር። ክረምቱ አጥንት ይገባል። ሁለተኛውን አውቶቡስ በነፃ የምታሳፍር ትራንስፈር የምትባል ቁራጭ ወረቀት ነበረች፤ ሰዓቷ እንዳያልፍ አንዳንዱን ትምህርት አቋርጠን የወጣንበት ቀን አለ። አንድ መኝታ ክፍል ያለው አፓርትመንት ነበረን፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የሌለው። እኔ በመስኮቱ በኩል፣ እሷ ደግሞ ማሞቂያው አጠገብ ፍራሽ ዘርግተን እንተኛለን። ማሞቂያው እንደ በግ ያስላል። የምንበላው ሩዝ በበርበሬ፣ ፓስታ በበርበሬ፣ እሁድ እሁድ ደግሞ የዶሮ ክንፍ በበርበሬ ነበር። የዶሮ ክንፍ ያኔ ማንም የማይፈልገው ርካሽ ነገር ነው፤ ዛሬ ፈረንጅ ኳስ እያየ የሚፎካከርበት ሆነና ዋጋው ሰማይ ነካ።

ሁለታችንም የመጨረሻው ሴሚስተር ላይ ነበርን። እሷ አካውንቲንግ፣ እኔ ሶሺዮሎጂ። «ሶሺዮሎጂ ተምረሽ ምን ትሆኛለሽ?» ብሎ ያልጠየቀኝ ሐበሻ አልነበረም፤ መልሱን እኔም አላውቀውም ነበር፤ ዛሬም በደንብ አላውቀውም። ምንትዋብ ከትምህርት ስትወጣ ዳውንታውን አንድ የመኪና ማቆሚያ ጎጆ ውስጥ ካሸር ሆና ትሠራለች። ጎጆዋ አንድ ሰውና አንድ መጽሐፍ ብቻ ነው የምትይዘው። እኔ ሆቴል ላውንድሪ ውስጥ አንሶላ አጥፋለሁ። ወረቀታችንን ኮሌጁ ኮምፒዩተር ክፍል ሄደን ተሰልፈን እንተይባለን፤ ከማተሚያው ሲወጣ ጠርዙ ቀዳዳ ቀዳዳ ነውና እሱን ስንገነጥል ስንቱ ገጽ ተቀደደብን። ለሥራ ኢንተርቪው አንድ ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ በጋራ ነበረን። ትከሻው ስፖንጅ የተጠቀጠቀበት፣ የዚያን ዘመን ሴት ሁሉ ወታደር አስመስሎ የሚያሳይ። ምንትዋብ ቀጭን ናት፤ እኔ ያኔም ቀጭን አልነበርኩም። እሷ ስትለብሰው ወገቡን በመርፌ ቁልፍ እናጠበዋለን፣ እኔ ስለብሰው ደግሞ ቁልፉን ከፍቼ ፋይል ደረቴ ላይ አስደግፌ እቀመጣለሁ። በዚያ ሱፍ አሥራ አራት ኢንተርቪው ሄደናል። አንዱም ሥራ አልሰጠንም።

ምሽት ላይ ክዳኑ በላስቲክ የታሰረ ቴፕ ከፍተን፣ ሰው ከሰው የቀዳው ስለሆነ ዘፋኙ ውኃ ውስጥ ሆኖ የሚዘፍን የሚመስል ካሴት እየሰማን፣ ከተመረቅን በኋላ ምን እንደምንሆን እናወራ ነበር። የመኖሪያ ወረቀታችን ተስተካክሎ እንቀራለን? ወይስ የኮሌጁ ፈቃድ ሲያልቅ ሻንጣችን በር ላይ ይቆማል? ሰው ሁሉ ተስፋ የሚያደርግበት ጊዜ ነው ይላሉ የኮሌጅ መጨረሻ። እኔ የማስታውሰው ፍርሃቱን ነው። ምንትዋብ ግን አንድ የማይነቃነቅ ነገር ነበራት። እናቷ እማማ ሸዋዬ ትምህርት ቤት እየጠረጉ ብቻቸውን ነው ያሳደጓት፤ ሌላ ምንም አልፈለጉም፣ ያችን ባለ አራት ማዕዘን ጥቁር ባርኔጣ አድርጋ የተነሳችውን ፎቶ ብቻ። «ሌላው ይቅር፣ እማዬ ፎቶዋን ግድግዳ ላይ ከሰቀለች ይበቃኛል» ትል ነበር። እማማ ሸዋዬ ስኳር ነበረባቸው፤ በዚያ ክረምት ደግሞ ጠንቶባቸዋል። ስልክ ቤታቸው የለም። ምንትዋብ የምትደውለው ጎረቤታቸው ወይዘሮ አሰለፈች ዘንድ ነው፤ እሳቸው ሰው ልከው ያስጠሯቸዋል፤ ደቂቃው ከሁለት ዶላር በላይ ነበርና እሳቸው እስኪመጡ ግማሹ ወሬ በዝምታ ያልቃል።

ሚያዝያ ውስጥ ነው፣ የቼሪው አበባ ረግፎ ያለቀ ሰሞን፤ ጋሽ ተፈራ የምሠራበት ሆቴል ድረስ መጡ። ጋሽ ተፈራ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነበሩ። እሁድ ከሰዓት አሌክሳንድሪያ የአሜሪካኖች ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ተከራይተን ነበር የምናመልከው፤ እኛም ከሲልቨር ስፕሪንግ ቀዩን ባቡር ይዘን፣ መሀል ከተማ ወርደን ቢጫውን ቀይረን ኪንግ ስትሪት እንደርሳለን። ጋሽ ተፈራ ድሮ አስተማሪ፣ ያኔ ታክሲ ነጂ፣ ሁልጊዜም የሁላችን አባት ነበሩ። እንግዳ ከኤርፖርት የሚቀበሉ እሳቸው፣ ለእንግዳው ሥራ የሚፈልጉ እሳቸው፣ መርዶ የሚያረዱም እሳቸው። መርዶ እንደምታውቁት በጠዋት ነው፤ ሰው ሳይወጣ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ድንገት። አሜሪካ ደግሞ የሟች ልጅ የሥራ ሺፍት መቼ እንደሆነ ይጠየቅና ነው ቀኑ የሚቆረጠው። የጋሽ ተፈራን ቡናማ መኪና ጠዋት በራፉ ላይ ያየ ሰው ሳይነገረው ያለቅስ ነበር። አንድ ጊዜ ባትሪያቸው ሞቶባቸው ኬብል ሊዋሱ የአንዲትን ሴት በር ቢያንኳኩ፣ ሴትየዋ በሩን ከፍታ ስታያቸው «ማን ሞተብኝ?» ብላ ተዘርራለች። ውኃ አፍስሰው እስኪያስነሷት ሥራቸው ረፈደባቸው።

«የሺ፣ ነይማ ልጄ» ብለው አንሶላ ከተከመረበት ጀርባ ወሰዱኝ። «የምንትዋብ እናት አርፈዋል። ሰኞ ዕለት ተቀበሩ። ወንድሟ ደውሎልኝ ነው።»

«ዛሬ እንነግራታለን?» አልኳቸው።

«ፈተናችሁ መቼ ነው የሚያልቀው?»

«ሦስት ሳምንት ይቀረዋል።»

«ምርቃቱስ?»

«ከዚያ ቀጥሎ ያለው ቅዳሜ ነው።»

ጣታቸውን እያጠፉ አሰቡና፣ «እንግዲያው የምርቃቱ ማግስት፣ እሁድ ጠዋት። እስከዚያ አንቺ ትጠብቂያታለሽ» አሉ።

«ጋሽ ተፈራ፣ እኔ አልችልም። ያውቁኝ የለም እንዴ፣ ፊቴ ያሳብቃል። መዋሸት አልችልም።»

«ዋሺ ማን አለሽ? ዝም በይ ነው ያልኩሽ። ዝምታና ውሸት ለየቅል ናቸው። አሁን ብትሰማ ትምህርቷን ጥላ ትቀመጣለች። ያን ሁሉ ዓመት የጠረጉት ሴትዮ ድካም ሜዳ ላይ ይቅር? እሳቸውም ቢጠየቁ የሚሉት ይሄንኑ ነው። ደግሞ ወደ አገር ቤት እንዳትደውል አድርጊ።»

ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ሽማግሌ ተናግሯል፤ ሆድ ይፍጀው ተብሏል፤ እሺ አልኩ። ዛሬ ሳስበው ጋሽ ተፈራ ክፉ ሰው አልነበሩም። እውነቱን ለመናገር በአንድ በኩል ትክክል ነበሩ። ግን ዝምታና ውሸት ለየቅል ነው ያሉት አንድ ቀን እንኳ አልሠራልኝም። ያንኑ ዕለት ምንትዋብ «ቅዳሜ እማዬ ጋ ልደውል ነው» ስትለኝ፣ «የወይዘሮ አሰለፈች ስልክ መስመሩ ተበላሽቷል አሉ፤ ከዚያ የመጣ ሰው ለጋሽ ተፈራ ነግሯቸዋል» አልኳት። ከአፌ እንዴት ተሰካክቶ እንደወጣ እኔኑ ገረመኝ። ለካ እችልበታለሁ።

የሰባ ሰው ማኅበር ውስጥ ምስጢር ማለት አንድ ሰው ብቻ የማያውቀው ነገር ነው። በሳምንቱ ሁሉም ሰምቶ ነበር። ሴቶቹ እሁድ ምንትዋብን ሲያቅፏት ልቅቅ አላደርግ አሉ። አንዷ ሽሮ ቋጥራ ሰጠቻት፣ አንዷ ካፖርቷን። ያ ሰላም እንኳን የማይላት ኪቦርድ መቺ ሳይቀር ቤታችን ድረስ በመኪና ሸኘን። «ምን ሆነው ነው ሰዎቹ?» አለችኝ ደረጃውን ስንወጣ እየሳቀች። «መመረቅ እንዲህ የሚያስወድድ ከሆነ በየዓመቱ ነበር የምመረቀው።» እኔም ሳቅኩ። የሳቅኩት ሳቅ እስካሁን ጉሮሮዬ ላይ አለ።

በዚያው ሰሞን፣ ረቡዕ ይመስለኛል፣ ሹራብ እንግዛ አለችኝ። አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው አግኝታ ለእናቷ ልትልክ ነው። ዊተን ያለው የገበያ አዳራሽ ሄድን፤ ክረምቱ ስላለፈ የሱፍ ልብስ ሁሉ በግማሽ ዋጋ ወርዷል። ሁለት ሹራብ በሁለት እጇ ይዛ፣ «ሰማያዊው ይሻላል ቡናማው?» ትለኛለች።

«ቡናማው» አልኩ፣ ቶሎ ጨርሰን እንድንወጣ ብዬ።

«ለምን?»

«ቆሻሻ ይችላል።»

«እማዬ ቆሻሻ መች ታውቅና! አንቺ ደሞ» ብላ ሰማያዊውን መረጠች። ከዚያ ትከሻዋ ላይ ዘርግታ፣ የእናቷን ቁመት በአየር ላይ እየለካች፣ እጅጌው ያጥራት ይሆን እያለች አሥር ደቂቃ ቆመች። እኔ አንዱን ቀሚስ አንስቼ ልለካ ነው ብዬ መለኪያ ክፍል ገባሁና ቀሚሱን አፌ ላይ አድርጌ አለቀስኩ። ስወጣ «በቃሽ?» አለችኝ። «ጠበበኝ» አልኳት። ያም እንግዲህ ውሸት ነው።

ከዚያ ቀጥሎ ያለው እሁድ ነው የማይረሳኝ። ምንትዋብ የጋራ ሱፋችንን ለብሳ መጣች። ኢንተርቪው ሳይኖር ምን አስለበሰሽ ብላት፣ «እንዲሁ» አለችኝ። መዝሙሩ አለቀና መጋቢው «የጸሎት ርዕስ ያለው?» ብለው እንደ ወትሯቸው ጠየቁ። አንዱ ለመኖሪያ ፈቃዱ፣ አንዷ ለወገቧ ሕመም አስያዙ። ከዚያ ምንትዋብ ከጎኔ ተነሳች።

«እናቴ ታማብኛለች» አለች። «ስኳር አለባት። ጠንቶባት ነበር፣ አሁን እንዴት እንደሆነች አላውቅም። እግዚአብሔር እንዲምራት ጸልዩልኝ።»

የምድር ቤቱ አየር ማስገቢያ ሲንጓጓ ይሰማል። ሰባ ሰው ጫማውን አየ። መጋቢው መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ፣ ወደ ጋሽ ተፈራ ተመለከቱ። ጋሽ ተፈራ አንዴ ብቻ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ጸልዩ ማለታቸው ነው። መጋቢውም ጸለዩ። ምስኪን፣ ላረፈ ሰው ምሕረት መለመን ሃይማኖታቸው አይፈቅድላቸው፣ መዋሸትም አይሆንላቸው፣ «አንተ ሁሉን ታውቃለህ፣ እናታችን በእጅህ ናቸው፣ ልጅህን አበርታ» እያሉ ዙሪያውን ዞሩት። ሰው ሁሉ ከወትሮው በላይ ጮሆ አሜን አለ። እኔም አልኩ። መሀል ላይ ዓይኔን ገለጥ ሳደርግ ምንትዋብ አልጨፈነችም። ቆማ እኔን ታያለች። ቶሎ ብዬ መልሼ ጨፈንኩ።

ከዚያ ዕለት በኋላ የእናቷን ነገር አንስታ አታውቅም። ከትምህርት ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ መጽሐፍ ነው። ወሬ ቀነሰች። ቴፑን ስከፍት «ላጥና» ብላ ትዘጋዋለች። እኔ ሞኟ ደግሞ፣ ተመስገን፣ ፈተናው አስረሳት፣ ጸሎቱ እንኳን በዚህ ተመለሰ እያልኩ አመሰግን ነበር። ፈተናውን ከእኔ በብዙ የተሻለ ውጤት አምጥታ ጨረሰችው። የምርቃቱ ቀን ሳሩ ላይ ወንበር ተደርድሮ፣ ፀሐይ ወጥቶ፣ ጋውኑ ላስቲክ ላስቲክ እየሸተተ፣ ጋሽ ተፈራ ኬክ ይዘው፣ ሴቶቹ እልል እያሉ፣ ሁላችንም እሷን እያየን፣ ነገ ጠዋትን እያሰብን ዋልን። ፎቶ አንሺው ስንት ኮፒ ላውጣ ሲላት «አንድ ይበቃል» አለችው። አጠገቧ ቆሜ ሰማሁ።

እሁድ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስምንት ሰው ደረጃችን ሥር ተሰበሰበ። እኔ በር እንድከፍት ነበር የታዘዝኩት። ከፍራሼ ስነሳ ግን የእሷ ፍራሽ ተነጥፏል። ሳሎን ወጥቼ ባይ፣ ጥቁር ቀሚስ ለብሳ፣ ፀጉሯን አስራ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች። «ምን አስነሳሽ?» አልኳት። «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» አለች። በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ተፈራ ገብተው «ልጄ፣ እንግዲህ ሁላችንም በዚህ ምድር መንገደኞች ነን» ብለው ጀመሩ። ሌላ ሰው ቢሆን መንገደኞች የምትለዋ ጋ ሳይደርሱ ይጮሃል። እሷ እስኪጨርሱ ጠበቀቻቸው። ከዚያ አለቀሰች፤ ድምፅ ሳታሰማ፣ እንባዋ ብቻ እየወረደ። ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ። «ጠንካራ ልጅ ናት፣ እግዚአብሔር አጽንቷታል» ተባባሉ ወጥ ቤት ውስጥ። መርዶ የተነገረው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው መቼ ብሎ ነው። ጋሽ ተፈራ የሚመልሱትን ሌሊቱን ሲያዘጋጁ አድረው እንደነበር ኋላ ነግረውኛል። ምንትዋብ መቼ ብላ አልጠየቀችም።

ከቤተ ክርስቲያን በመጣ ታጣፊ ወንበር ሦስት ቀን ተለቀሰ። በሦስተኛው ሳምንት ዳላስ ያክስቴ ልጅ ጠርታኛለች ብላ ሄደች። አልተጣላንም። ብንጣላ ይሻል ነበር፤ የተጣላ ይታረቃል። ሱፉን አጥፋ ፍራሼ ላይ ትታልኝ ነበር። በሚቀጥለው ወር በዚያው ሱፍ ሥራ አገኘሁ።

ደብዳቤ ጻፍኩላት፣ አልመለሰችም። ጋሽ ተፈራ ካረፉ ቆዩ። የእሳቸው ልጅ የአባቱን ሞት የሰማው ሎረል ከተማ ውስጥ ነዳጅ እየቀዳ ሳለ፣ የማያውቀው ሰው ፌስቡክ ላይ የጻፈለትን «ነፍስ ይማር» አንብቦ ነው። አሁን ማንም ከማንም መርዶ መደበቅ አይችልም። ይሻላል መሰለኝ። ይሻላል ብዬ ሳበቃ ደግሞ ያ ልጅ ፓምፑን እንደያዘ የቆመው ይታየኛል።

ጎማ ቤቱ ውስጥ ሰውየው ስሜን ጠራ፤ መኪናሽ ደርሷል አለኝ። ካሁን ወዲያ ጊዜ የለም።

«ምንትዋብ» አልኩ። «የዚያን ጊዜውን ነገር… የእናትሽን… ይቅር በይኝ። ይሄን ሁሉ ዓመት፣ ዕድሜ ልኬን ልልሽ የምፈልገው ይሄንን ነው። አውቄ ደበቅኩሽ።»

ዓይኗን ወደ ቴሌቪዥኑ መለሰች። ከዚያ «አውቅ ነበር እኮ» አለች።

«ምኑን?»

«ሁሉንም። መስመሩ ተበላሽቷል ስትይኝ አላመንኩሽም። ከጸሎቱ በፊት ባለው ዓርብ ከሥራ ወጥቼ ማዕዘኑ ላይ ያለው የሕዝብ ስልክ ውስጥ ኳርተር ሳንቲም ሞላሁና ወይዘሮ አሰለፈች ጋ ደወልኩ። ታውቂያታለሽ፣ ያቺ ሴትዮ ስልክ ስታነሳ አሜሪካ በጩኸት የምትደርስ ነበር የሚመስላት። ያን ቀን ግን በቀስታ አናገረችኝ። ‹ልጄ፣ ደህና ነሽ? በልተሻል?› አለችኝ። በልተሻል ስትለኝ አወቅኩት። እናቴን ጥሪልኝ ሳልላት ዘጋሁት።»

ዓርብ። ሹራቡን በገዛን በሁለት ቀኑ። «ታዲያ እሁድ ተነስተሽ ጸልዩልኝ ያልሽው…» አልኳት።

«አንድ ሰው እንኳ ‹ተይ ልጄ፣ ቁጭ በይ› ይለኝ እንደሆነ ብዬ ነው። ሰባ ሰው አሜን አለ። እኔ የማየው ግን አንቺን ነበር።»

«ቤት ስንገባስ? አንድ ክፍል ውስጥ እኮ ነው የምንተኛው! ለምን አልጠየቅሽኝም?»

ያን ጊዜ ዞራ አየችኝ። ዓይኗ ውስጥ ቁጣ ፈለግኩ፤ ብትቆጣኝ ደስ ይለኝ ነበር። የለም።

«ብትዋሺኝስ?» አለች። «እማዬን አጥቻለሁ። ጠይቄሽ ብትዋሺኝ አንቺንም አጣለሁ። ካልጠየቅኩሽ ግን፣ ብጠይቃት ኖሮ ትነግረኝ ነበር እያልኩ መኖር እችላለሁ። እንደዚያ እያልኩ ነው የኖርኩት፣ የሺ።»

«ማም፣ ካሩ ሬዲ ነው፤ ዊ አር ጎና ቢ ሌት» አለች ልጅቷ ከበሩ፣ ሊረፍድብን ነው ለማለት።

ምንትዋብ ቦርሳዋን አንስታ ጉንጬን ሳመችኝና ወጣች። ስልክ ቁጥር አልተቀያየርንም።

ይህንን መጻፍ ስጀምር በመጨረሻው ላይ ለእሷ አንድ መስመር ላስቀምጥላት ነበር ያሰብኩት፤ ብትጠይቂኝ ኖሮ እነግርሽ ነበር የሚል። ሦስት ጊዜ ጻፍኩት፣ ሦስት ጊዜ ሰረዝኩት። ብትጠይቀኝ ኖሮ ዓይን ዓይኗን እያየሁ፣ «እናትሽ ደህና ናቸው፣ ፈተናሽን አጥኚ» እላት ነበር።